ጥርሱን ያላዩት መፍጫ

በቅሎ ሊገዛ ገበያ የወጣ ገበሬ ኮርቻ አያደንቅም። መጣብሩ ቢያብረቀርቅ፣ ሻጩ የእናቷን የባዝራዋን ዘር እየቆጠረ ቢምልለት፣ እሱ በፊቷ በኩል ይዞርና ከንፈሯን ገለጥ አድርጎ ጥርሷን ያያል። የበቅሎዋ ዕድሜም የሻጩ ውሸትም ያለው እዚያ ነው። የዚሁ ገበሬ የልጅ ልጅ አዲስ አበባ ላይ ኮንዶሚኒየም ደርሶት፣ ማዕድ ቤቱን ሊያሟላ ሱፐርማርኬት ገብቶ የቁንዶ በርበሬ መፍጫ ሲያነሳ ግን የአያቱ ዕውቀት በር ላይ ከጥበቃው ጋር ይቀራል። ቁመቱን ያያል። ቀለሙን ያያል። ከቁም ሣጥኑ ጋር መሄድ አለመሄዱን ከሚስቱ ጋር ይመካከራል። ገልብጦ አፉን የሚያይ የለም። መፍጫውም ቤት ገብቶ ጥቂት ከሰነበተ በኋላ ፍሬውን መፍጨቱን ይተውና እያንከባለለ ማጫወት ይጀምራል።

የሚገርመኝ መፍጨት ብርቅ የሆነብን ሕዝብ አለመሆናችን ነው። ወፍጮ ቤት ተሰልፎ የሚያውቅ ሰው ይመሰክርልኛል። ሞተሩ እየጮኸ፣ ዱቄቱ እየቦነነ፣ አንዲት እናት እጃቸውን ወደሚወርደው ዱቄት ሰደድ ያደርጉና ቆንጠር ይላሉ። በአውራ ጣትና በሌባ ጣታቸው መሃል እሽት አድርገው፣ "አልላመም! መልሰው!" ይላሉ። ፈጪው ይከራከራል፤ ግን አይረታም። ጤፍ መላም አለበት፤ ቅንጬ መሸርከት አለበት፤ ባቄላ ለክክ ከሆነ መከካት እንጂ መድቀቅ የለበትም። ከእሳቸው በፊት ማን ምን እንዳስፈጨም ይጠይቃሉ፤ በርበሬ ባለፈበት ወፍጮ ላይ ጤፋቸውን አያፈሱም። ከሞተሩ በፊት በነበረው ዘመን ደግሞ የድንጋዩ ወፍጮ ሲለሰልስ ይወቀር ነበር፤ የሚፈጨው የድንጋዩ ክብደት ብቻ ሳይሆን የፊቱ ሻካራነትም መሆኑ ይታወቃላ። እንግዲህ የእነዚህ ባለሙያዎች ልጆች ነን ጥርሱ ፕላስቲክ የሆነ ጠርሙስ ገዝተን፣ አልፈጭ ሲለን ደግሞ ፍሬውን "ምን ዓይነት ድንጋይ ነው የሸጡልን?" እያልን የምናማው።

መፍጫ ለምን አስፈለገ፣ ተፈጭቶ በላስቲክ ታሽጎ ይሸጥ የለም ወይ የሚል ይኖራል። ይሸጣል። ነገር ግን ቁንዶ በርበሬ ውስጥ ሁለት ነገር አለ። አንዱ ምላስ የሚያቃጥለው፣ ፓይፐሪን የሚሉት ነው። ሌላው ሽታውን የተሸከመው ዘይት ነው። ፓይፐሪን ታጋሽ ነው፤ ከተፈጨም በኋላ ይሰነብታል። ዘይቱ ግን ፍሬው እስካልተሰበረ ድረስ ብቻ ነው ቤቱ የሚቀመጠው፤ አንዴ ከተፈጨ ዕለት ዕለት እየተነነ ይሄዳል። ስለዚህ መደርደሪያ ላይ የከረመ የዱቄት ብልቃጥ የሚሰጠን ማቃጠሉን ብቻ ነው። ጠብ አለው፣ ጨዋታ የለውም።

የጥንቶቹ ይህን የሚያውቁ ይመስላል። የግብፁ ፈርዖን ዳግማዊ ራምሴስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1213 ሲሞት፣ ሬሳውን ያደረቁት ባለሙያዎች በአፍንጫው ቀዳዳ የከተቱለት ፍሬውን ነው። ዱቄቱ ቢሆን ኖሮ ሟቹም ሳያስነጥስ አይቀርም ነበር። የጎቶች ንጉሥ አላሪክ እ.ኤ.አ. በ408 ሮምን ከቦ ለመልቀቅ ካሣ ሲጠይቅ፣ ከወርቁና ከብሩ ጋር 3,000 ፓውንድ ቁንዶ በርበሬ ቆጥሯል። ከተማ ከቦ የተቀመጠ ሰው የተፈጨ ይቀበላል ብዬ አልጠረጥርም፤ ምን እንደተቀላቀለበት በምን ያውቃል? በርበሬ ገዝቶ ከሥሩ የሸክላ ዱቄት ያገኘ የአዲስ አበባ ሰው የአላሪክ ጥንቃቄ ይገባዋል።

ፍሬውም ቢሆን ከተንኮል አያመልጥም። የደረቀ የፓፓያ ፍሬ ቁንዶ በርበሬ መሃል ገብቶ ሲቀመጥ ልብ ብሎ ላላየው ልዩነቱ ቶሎ አይታይም። ጥቂቱን ውኃ ላይ ጣል ማድረግ ነው፤ ደህናው አብዛኛውን ጊዜ ይሰምጣል፣ ፓፓያውና ባዶው ይንሳፈፋል። ደግሞ በየግቢው በር የተተከለው፣ ቅጠሉ ወደ መሬት የሚንዠረገገው፣ ቁንዶ በርበሬ ብለን የምንጠራው ዛፍ አለ። ዝርያው ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ነው፤ ወገኑም ከነማንጎ ጋር ነው። እውነተኛው ቁንዶ በርበሬ ዛፍ ላይ የሚጠመጠም ሐረግ ሲሆን፣ አገሩ የሕንድ ማላባር ነው፤ እኛ ጋ ቴፒና በበቃ ይበቅላል። የግቢ በሩን ሮዝ ፍሬ ለቅሞ፣ "በነፃ አገኘሁ" ብሎ መፍጫው ውስጥ የሞላ ጎረቤት አለኝ። ያ ፍሬ ሲሰበር ያጣብቃል። መፍጫውን ለመክፈት ፒንሳ ተበድሮኛል።

አማቴ ይህ ሁሉ ወሬ አይጥማቸውም። "ስማ ልጄ፣" ይሉኛል፣ "ሙቀጫ ጥርሱ አያልቅ፣ ብሎኑ አይጠፋ። አንተ ዝም ብለህ ብርህን አባክን።" ለመከለሻ ከሆነ መልስ የለኝም። መከለሻ ቁንዶ በርበሬ ብቻ አይደለም፤ ጥምዝ አለ፣ ኮረሪማ አለ፣ ቅርንፉድ አለ፣ ቀረፋ አለ። የቁንዶ በርበሬ መፍጫ ደግሞ የተሠራው 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ለምትሆን ክብ ደረቅ ፍሬ ነው። ጥምዝ ቁመቱ ስለማይፈቅድለት ከአፉ አልፎ ጥርሱ ጋ አይደርስም፤ አስቀድሞ በጣት መሰባበር አለበት። ኮረሪማ ዘይቱን እያጣበቀ ይዘጋዋል። ቅርንፉድማ አንዴ ከገባ ሽታው ኪራይ ሳይከፍል ይኖርበታል። ይህን ሁሉ አመስ አመስ አድርጎ አንድ ላይ ሙቀጫ ውስጥ መውቀጥን የሚያህል የለም፤ አማቴ ልክ ናቸው።

ሙቀጫ የሚሸነፈው ጠዋት ጠዋት ነው። ሥራ የረፈደበት ሰው ለሁለት እንቁላል የምትሆን ቁንጥር ብቻ ፈልጎ ሙቀጫ አያወርድም፣ አይወቅጥም፣ አጥቦ አያደርቅም። አራተኛ ፎቅ ላይ ደግሞ እያንዳንዱ የዘነዘና ምት የሚያርፈው ሦስተኛ ፎቅ ላይ በተኛው ሰው ግንባር ነው። ኮንዶሚኒየም ሲሠራ በየግቢው የጋራ መገልገያ ቤት የተሠራው ለዚህ ለዚህ ነው፤ ለበግ ማረዱም ለመውቀጡም። ነገር ግን ቢጃማ ለብሶ፣ በአንድ እጁ ሙቀጫ በሌላው እፍኝ የማትሞላ ቁንዶ በርበሬ ይዞ ደረጃ የሚወርድ አባወራ እስካሁን አላየሁም። ባይም ሰላም ብዬ ብቻ አላልፈውም።

አንዳንድ ቤት መፍትሔ የተባለው የኤሌክትሪኩ የቡና መፍጫ ነው። ያቺ ውስጡ የምትሽከረከር ስለት ግን አትፈጭም፤ ታሳድዳለች። ያገኘችውን ትከትፋለች፤ ደጋግማ ያገኘችው አመድ ይሆናል፣ ያመለጣት ፍሬ ሙሉውን ይወጣል። ይህም ባልከፋ፤ ከሰዓት በኋላ በዚያው መፍጫ ቡና ይፈጫል። ጎረቤት ተጠርቶ፣ ቄጤማ ተጎዝጉዞ፣ አቦሉ ተቀድቶ አማቴ አንዴ ፉት አሉና ስኒውን ዝቅ አድርገው፣ "ይኼ ቡና ጉንፋን ይዞታል እንዴ?" አሉ።

ስለዚህ ራሱን የቻለ መፍጫ ያስፈልጋል ብለን ሱፐርማርኬት እንግባ። መጀመሪያ የምናገኘው ቅመም ተራው ላይ ከነፍሬው የሚሸጠውን ጠርሙስ ነው። ዋጋው ከሁሉ ይረክሳል፤ ክዳኑ ራሱ መፍጫ ነው። ጥርሱ ግን ፕላስቲክ ነው። ፕላስቲክ ከደረቅ ፍሬ ጋር ሲፋጭ ማን ማንን እየፈጨ እንደሆነ ለመናገር ያስቸግራል። ጥርሱ ከቀን ወደ ቀን እየተሸረፈ ሲያልቅ ሽራፊው የት ሄደ ብላችሁ አስቡ፤ ትሪው ላይ ካልተገኘ የት እንዳለ ግልጽ ነው። ይህ መፍጫ አይወቀርም፤ ብዙዎቹ ክዳናቸው ስለማይነቀል እንደገና ለመሙላትም አይመቹም። ፍሬው ሲያልቅ ጠርሙሱን ለጨው ማስቀመጫ ማድረግ ነው፣ ከነጥርሱ።

ቀጥሎ ባለ ባትሪው አለ። ይህኛው ብዙ ጊዜ አይገዛም፤ በሻንጣ ይመጣል። የባለቤቴ ወንድም ከዋሽንግተን ሲመጣ ለእኛም አንድ ይዞልን መጥቷል። አናቱን ጫን ሲሉት እንደ ልቡ ይፈጫል፤ ከሥሩ ደግሞ ምን ያህል እንደወረደ እንዲታይ ትንሽ አምፖል ታበራለች። ስድስት ባትሪ ድንጋይ ይበላል። መብራት በጠፋ ምሽት ሰፈሩ በሙሉ ጨለማ ውስጥ ሲቀመጥ በእኛ ቤት የእንቁላል ፍርፍሩ ብቻ በብርሃን ተጥለቅልቆ አምሽቷል። ባትሪዎቹ ግን መፍጫው ውስጥ ብዙ አልቆዩም። ሁለቱ ወደ ቴሌቪዥኑ ሪሞት ሄዱ፣ አንዱ ወደ ግድግዳው ሰዓት፣ የቀሩትን ልጆቹ ያውቃሉ። በዚህ መፍጫ ላይ ጨክኜ መፍረድ ግን አልፈልግም። አንጓቸውን ለሚያማቸው ሰው፣ አንድ እጁ ጥሬ ሥጋ ውስጥ ለገባ ሰው፣ በአንድ ጣት የሚሠራ ነገር ቁም ነገር ነው። ባትሪውን ቆልፎ የሚያስቀምጥበት ካገኘ።

ከዚያ ረጅሙ። የምግብ ቤት አስተናጋጆች በብብታቸው ይዘውት የሚመጡት፣ ከሩቅ ሲታይ የጦር መሣሪያ የሚመስለው። ቁመቱ ለአስተናጋጁ ነው የሚጠቅመው፤ በእንግዳ ትከሻ ላይ ሳያጎነብስ ሳህኑ ጋ ይደርሳል። ቤት ውስጥ ግን ማን በማን ትከሻ ላይ ይፈጫል? ገልብጣችሁ ብታዩት ደግሞ ጥርሱ ብዙ ጊዜ ከአጭሩ ወንድሙ ጥርስ አይበልጥም። የቀረው እንጨት ነው፤ ዋጋ የተከፈለበት እንጨት።

ጥርስ ስል ፔጆ ትዝ ይለኛል፤ መኪናው። አጎቴ 404 ነበረው። ፊቱ ላይ የቆመውን አንበሳ በየሳምንቱ ይወለውለው ነበር፤ እኔም ልጅ ሆኜ አንበሳው ከሞዓ አንበሳ ጋር ዝምድና ያለው ይመስለኝ ነበር። ነገሩ ሌላ ነው። የፔጆ ቤተሰብ እ.ኤ.አ. በ1810 የእህል ወፍጮውን የብረት ማቅለጫ አደረገውና መጋዝ መሥራት ጀመረ። አንበሳው የመጋዙ ምልክት ነበር፤ ጥርሱ የአንበሳ ጥርስ ነው፣ አይዶለዱምም ለማለት። በ1840 የቡና መፍጫ ወጣ። በ1874 የቁንዶ በርበሬ መፍጫ ተከተለ። መኪና የተባለችው በ1889 ነው ብቅ ያለችው፤ እሷም በእንፋሎት የምትንቀሳቀስ ባለ ሦስት እግር ነበረች። ስለዚህ አጎቴ ያን ሁሉ ዘመን፣ ጎረቤት መንገድ እየለቀቀለት፣ የነዳው የቅመም መፍጫ ሠሪዎችን መኪና ነው። ነፍሱን ይማረውና፣ ይህን ብነግረው ጥሩንባውን ነፍቶብኝ ይሄድ ነበር።

የዚያ መፍጫ ጥርስ አሠራሩን ማየት ግን ደስ ይላል። ጥርሱ ሁለት ረድፍ ነው። ጠምዘዝ ያለው ትልልቁ ረድፍ ፍሬውን ይይዝና ይሰነጥቀዋል፤ ደቃቁ ረድፍ የተሰነጠቀውን ተቀብሎ ያልመዋል። መጀመሪያ መከካት፣ ቀጥሎ ማላም። እናቶቻችን በድንጋይ ወፍጮ ሁለት ጊዜ የሚመልሱትን ሥራ አንዲት ዘንግ ላይ ደርበውታል። ፔጆ ካልሆነ አትግዙ ማለቴ አይደለም፤ ዋጋውን አይተው ዝም ብለው የመለሱት ሰዎች መሃል እኔም አለሁ። ጥርሱ እንደዚያ ሁለት ደረጃ ያለው፣ ከአረብ ብረት ወይም ከሴራሚክ የተሠራ መፍጫ ከሌላም ይገኛል። ማወቅ የሚቻለው ግን በመገልበጥ ብቻ ነው።

እኔ እንዲያውም ከመገልበጥ አልፌ ኪሴ ውስጥ በወረቀት የጠቀለልኳትን ቁንዶ በርበሬ ይዤ እገባለሁ። ቦሌ አካባቢ አንድ ሱቅ ውስጥ መፍጫውን ከፍቼ ፍሬዬን ልጨምር ስል ሻጯ ደረሰች።

"ጋሼ፣ ምንድን ነው እሱ?"

"ቁንዶ በርበሬ።"

"ከዚህ ነው ያነሱት?"

"ኧረ ከቤቴ ነው።"

"ታዲያ እዚህ ምን ሊያደርጉት?"

"ላስፈጨው።"

ትንሽ አየችኝና በትሕትና፣ "ጋሼ፣ ይኼ እኮ ወፍጮ ቤት አይደለም" አለችኝ። ጥበቃውም ተጠራ። ሰውየው ጉዳዩን ከሁለታችንም ሰማ፤ መፍጫውን ከእጄ ተቀበለ፤ ገለበጠው፤ አውራ ጣቱን አፉ ውስጥ ከቶ ጥርሱን ዳሰሰ። "ደህና ነው፤ ሳይፈጩም መግዛት ይችላሉ" ብሎ መለሰልኝ። ከየት አገር እንደመጣ አልጠየቅሁትም፤ በቅሎ ገዝቶ ግን ያውቃል።

ጥርሱ ካለፈ በኋላ የሚታየው ዳዶው ነው። በተለመደው መፍጫ አናት ላይ ያለችው ዳዶ ስትጠብቅ ያልማል፣ ስትላላ ይሸረክታል። መጥፎው መፍጫ ላይ ግን ዳዶዋ እየፈጩ ሳለ በራሷ ጊዜ ትላላለች። የመጀመሪያው ሰው ሳህን ላይ የላመ ወርዶ፣ ሦስተኛው ጋ ሲደርስ ጠጠር ይዘንባል፤ ሦስተኛው ሰው ደግሞ ሁልጊዜ ጥርሱን የሚያመው ነው። መለኪያው ከታች በኩል ሆኖ፣ ቀጭ እያለ በየደረጃው የሚቆም ከሆነ ይሻላል። ለጥብስ ሸርከት፣ ለእንቁላልና ለሾርባ ለም ማድረግ መቻል አለበት፤ አንድ ዓይነት ብቻ የሚፈጭ ከሆነ የዱቄቱ ብልቃጥ ምን በደለ? መሙያ አፉ ሰፋ ያለ ይሁን፤ ካልሆነ ግማሹን ፍሬ ከምድጃ ሥር ስትለቅሙ ታመሻላችሁ።

ሻጮች የሚወዱት ደግሞ መንታ መንታውን መሸጥ ነው፤ አንዱ ለቁንዶ በርበሬ፣ አንዱ ለጨው። የጨው መፍጫ ጌጥ ነው። ጨው ውስጡ ታሽጎ የሚጠብቅ ሽታ የለውም፤ ዛሬ ቢፈጭም አምና ቢፈጭም ያው ጨው ነው። የብረት ጥርስ ከሆነ ደግሞ ጨው ያዝገዋል። እርጥብ ጨው ሲገባበትማ አይንቀሳቀስም። መንታውን የግድ ግዙ ካሏችሁ የጨዉ ጥርስ ሴራሚክ መሆኑን እዩ፤ ከዚያ አበባ አስቀምጡበት።

ሌላው ጉዳይ እንፋሎት ነው። የሚፈላ ድስት ላይ አጎንብሶ መፍጨት የብዙ ሰው ልማድ ነው። እንፋሎቱ ከታች ወደ ጥርሱ ይገባል፣ ዱቄቱን ያቦካዋል፣ ቡኮው ይደርቅና ጥርሱን ይሞላዋል። ከዚያ መፍጫው "ተበላሸ" ይባላል። መዳፍ ወይም ሳህን ላይ ፈጭቶ ድስቱ ውስጥ መበተን ነው። የእንጨቱንም መፍጫ አንዳንዶች ከስኒ ጋር አብረው ውኃ ውስጥ ይነክሩታል፤ ይህን ያደረገች የቤት ሠራተኛ አይደለችም፣ ባለቤቴ ናት፣ እኔም አልተናገርኩም።

ጥሩ መፍጫ ከተገኘ በኋላ የቀረው ችግር ገበታ ላይ ነው። ምግብ ቤት ውስጥ አስተናጋጁ፣ "ሲበቃዎት ይንገሩኝ" ብሎ ይጀምራል። የእኛ ሰው ደግሞ ይሉኝታ አለበት፤ እየሠራለት ያለን ሰው በቃህ ማለት ያፍራል። አንዱ ለማቆም ትእዛዝ እየጠበቀ፣ ሌላው እስኪያቆም እየጠበቀ ሳህኑ ይጠቁራል። ቤት ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል። እንግዳው በግልጽ፣ "ይበቃኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ" ይላል፤ ባለቤቴ ግን ይህን ቃል ከእንግዳ አፍ እውነት ነው ብላ ተቀብላ አታውቅም።

"ምን ቀመስክና! በሞቴ፣ አንድ ዙር ብቻ!"

"ኧረ በቃኝ እትዬ፣ በማርያም!"

ሳህኑን በሁለት እጁ ይሸፍናል። እሷ መፍጫውን ከፍ አድርጋ ትጠብቃለች። ቁንዶ በርበሬው የላመ ስለሆነ ገና ፊቱ ላይ እየቦነነ ነው። እንግዳው ዓይኑን ይጨፍናል፣ ትንፋሹን ይስባል፣ ከዚያ ሁለት እጁን ወደ አፍንጫው አንስቶ ያስነጥሳል። ሁላችንም በአንድ ድምፅ "ይማርህ!" ስንል፣ እሱም "ያኑራችሁ" እያለ መሐረቡን ሲፈልግ፣ አንዱ ዙር ወርዷል።